መብራቱ ምን አደረገ?

አበሻን መብራት ከመጠርጠር የሚያሳርፍ ቪዛ እስካሁን አልታተመም። ግሪን ካርዱን ከተቀበለ፣ ለዜግነቱ ከማለ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቤት ገዝቶ የጓሮውን ሣር በራሱ ማሽን ማጨድ ከጀመረ በኋላም ቢሆን፣ ቤቱ ውስጥ አንድ ዕቃ እንዳሰበው አልሠራ ሲለው የመጀመሪያ ቃሉ ያው ነው። “መብራቱ ነው!” ቴሌቪዥኑ ቢንተባተብ መብራቱ ነው። እንጀራው ዓይን አላወጣ ቢል መብራቱ ነው። ልብስ ማጠቢያው አንድ እግር ካልሲ ቢውጥ እንኳ፣ መሃል ላይ ኃይል ቀንሶበት ይሆናል ይባላል። መብራት ኃይልን ቦሌ ላይ ተሰናብቶ የመጣ ይመስለዋል እንጂ ጠቡን ከ23 ኪሎው ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬው ጋር ጠቅልሎ አምጥቶታል።

ሰሞኑን በዚህ የቆየ ክስ ላይ አዲስ ምስክር ሆኖ የቀረበው ዲጂታል ሚዛን ነው። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ቤዝመንቶች ውስጥ ስንት ሚዛን እንዳለ የሚያውቁት ፈጣሪና አማዞን ብቻ ናቸው። ቀን ኡበር እየነዳ ማታ ወርቅ የሚበይድ አለ። ቡና ቆልቶ፣ በሚያምር ከረጢት አሽጎ ለሥራ ባልደረቦቹ የሚሸጥ አለ። ከአገር ቤት የመጣለትን በርበሬና ሚጥሚጣ በላስቲክ እየከፈለ ለወዳጅ ዘመድ “በመጣበት ዋጋ” የሚያካፍል አለ፤ በማን በኩል የመጣበት ዋጋ እንደሆነ አይጠየቅም። እነዚህ ሁሉ ሚዛን አላቸው፤ ሚዛኑም መብራት ይፈልጋል። መብራት የሚፈልግ ዕቃ ደግሞ በእኛ ዘንድ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ በጎሪጥ ነው የሚታየው።

የፒያሳ ወርቅ ሠሪ ሁለት ሳሕን አንጠልጥሎ በጣቱ ከፍ አድርጎ ሲመዝን፣ መብራት ኖረ አልኖረ ጉዳዩ አልነበረም። ወቄቱ ከማሪያ ቴሬዛ ብር ክብደት ጋር የሚስተካከል፣ ወደ 28 ግራም የሚጠጋ ነበርና ብሩን አንዱ ሳሕን ላይ ጣል ማድረግ ይበቃል። ደንበኛ ከተከፋ የሚወቀሰው የወርቅ ሠሪው ጣት ነው። ዛሬ ጣቱ ከክሱ ወጥቶ በቦታው መብራት ተተክቷል። ደንበኛ ቢቆጣም አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 አንድ አውንስ ወርቅ ከ3,000 ዶላር አለፈ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ 4,000ን ተሻገረ። የወርቅ አውንስ 31.1 ግራም ስለሆነ፣ በ4,000 ሒሳብ አንድ ግራም 129 ዶላር ገደማ ይመጣል። ከነጥብ በኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ ቁጥር አንድ ብትዋዥቅ 13 ዶላር ወዲያ ወይ ወዲህ ሄደ ማለት ነው፤ የአንድ ሰው ምሳ።

እስኪ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ወዳለ አንድ ቤዝመንት ልውሰዳችሁ። ጠረጴዛው እግሩ የሚታጠፍ፣ ለልደት ግብዣ ተገዝቶ በዚያው የቀረ ነው። ግድግዳው ላይ አንድ ሶኬት አለ፤ ሶኬቱ ላይ ዲቫይደር፣ ዲቫይደሩ ላይ ሌላ ዲቫይደር። አንደኛው ላይ ትንሿ ፍሪጅ፣ የክረምቱ ሂተርና ባለቤታቸው የማይታወቅ ሁለት የስልክ ቻርጀሮች ተሰክተዋል። ሁለተኛው ላይ የቤቱ እመቤት ምጣድ አለ። (ብዙዎቻችን ቤት ያለው ይህ ምጣድ፣ በነገራችን ላይ፣ ለእኛ ታስቦ የተሠራ አይደለም። የኖርዌይ ተወላጆች ሌፍሳ ለሚሉት ስስ ቂጣቸው እዚሁ አሜሪካ የሚሠራ ነው፤ ኖርዌዮቹ በገና ሰሞን ያወጡታል፣ እኛ ግን በየሳምንቱ ጭስ እናስተፋዋለን።) ከምጣዱ ጎን “ለጊዜው” ተብላ የተሰካች አንዲት ጥቁር አዳፕተር አለች፤ የወርቅ ሚዛኑ ናት። ለጊዜው ከተሰካች ቆይታለች።

አንዲት እናት ሃብላቸውን ሊያስመዝኑ መጥተዋል። ሚዛኑ 12.46 ይላል። ትንሽ ቆይቶ 12.49። ከዚያ 12.44።

“ይቅርታ እትዬ፣ አንድ ጊዜ ይታገሡኝ። መብራቱ ነው።”

“ውይ! እዚህም እንዲህ ያደርጋል እንዴ፣ የኔ ልጅ?”

“ምን እዚህ እዚያ አለው እትዬ! ሰው ሲበዛ ኃይል ይቀንሳል።”

“እሱስ እውነትክን ነው። ቀን ቀን ይሻል ይሆናል።”

በዚህ ተስማምተው፣ እሳቸውም ከመብራት ኃይል ጋር ያላቸውን የግል ታሪክ አውግተው ሄዱ። የዚህ ምክንያት ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ማስረጃ አይጠየቅበትም። ለፈረንጅ ደንበኛ ብትነግረው ቆጣሪ ሊያስመረምርልህ ስልክ ያወጣል። አበሻ ግን አንገቱን ነቅንቆ፣ “አይ መብራት!” ብሎ ያዝንልሃል።

መብራቱ ግን ጠበቃ የለውምና አንድ ጊዜ እንኳ በወጉ ፍርድ ቤት ይቅረብ። እዚህ አሜሪካ ወደ ቤት የሚገባው 120 ቮልት ነው ይባላል፤ በመሥፈርቱ መሠረት ግን ከ114 እስከ 126 ባለው መሃል ከፍ ዝቅ ቢል ማንም ይቅርታ አይጠይቅም። ምጣዱ 1,400 ዋት ገደማ ቢሆን 12 አምፔር ያህል ይስባል። ከብሬከሩ እስከ ሶኬቱ 50 ጫማ ያህል የተለመደው የቤት ሽቦ ቢዘረጋ፣ ደርሶ መልሱ ሩብ ኦም ይሆናል። 12ን በሩብ ስናባዛ 3 ቮልት። እንግዲህ ምጣዱ ሲግል ሶኬቱ ላይ ያለው 120 ወደ 117 ወረደ ማለት ነው። አምፖሏ ይህን ታውቃለች፤ ትንሽ ትደበዝዛለች። ባለቤቱም አምፖሏን ቀና ብሎ አይቶ “አላልኩም?” ይላል።

አዳፕተሯን ግን ገልብጦ አያያትም። ጀርባዋ ላይ በደቃቅ ፊደል ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ወይም 60 ኸርዝ ተብሎ ተጽፏል። 117 ሰጧት 126፣ ወይም አዲስ አበባ ወስደው 220 ላይ ሰኳት፣ በወዲያኛው ጫፍ የምታወጣው ያችኑ የተመደበችላትን 9 ወይም 12 ቮልት ነው። ሚዛኑ ውስጥ ደግሞ ሌላ ማረጋጊያ አለ። ከሳሕኑ ሥር ያለው አንድ ቁራጭ አልሙኒየም ነው፤ ጭነት ሲያርፍበት ዓይን በማያየው መጠን ይጎብጣል። ላዩ ላይ የተለጠፉት ቀጫጭን የብረት ክሮች አብረው ይለጠጣሉ፣ ሲለጠጡም ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅማቸው ይለወጣል። ሚዛኑ የሚያነበው ይህን ለውጥ ነው። ሲያነብ ደግሞ ክሮቹን ከሚመግበው ከዚያው ቮልቴጅ ጋር እያመዛዘነ ስለሆነ፣ ቮልቴጁ ትንሽ ዝቅ ቢል ሁለቱም ወገን አብረው ዝቅ ይላሉ፤ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል። ሚዛን የሠሩት ሰዎች መብራት እንደማይታመን ያወቁት ከእኛ ቀድመው ነው።

መብራት ፈጽሞ ንጹሕ ነው አልልም። ርካሽ አዳፕተር ራሱ የሚፈጥረው ሁካታ አለ። ሶኬቱ የላላ ከሆነ ደግሞ፣ መብራቱ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ድርግም ሲል ሚዛኑ ጠፍቶ ይነሳል፤ ሲነሳም ሳሕኑ ላይ ያገኘውን ሃብል ከነክብሩ ዜሮ ብሎ ይቆጥረዋል። እንዲህ ያለው ጥፋት ግን በግልጽ ይታያል፤ ከ12.46 ወደ 12.44 እየተንሸራተተ አይሸሸግም። ደግሞም ክሱን ለመዝጋት የሚያስፈልገው ምስክር መሳቢያ ውስጥ ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ ሚዛኖች በባትሪ ይሠራሉ። አዳፕተሯን ነቅሎ፣ ባትሪ ከትቶ ያንኑ ሃብል መመዘን ነው። ቁጥሩ አሁንም ከዋለለ መብራቱ በነጻ ይሰናበታል። ይህን ያደረገ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። ባትሪዎቹ ለሪሞቱ ተወስደዋል።

ታዲያ ቁጥሩን የሚያዋልለው ማን ነው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። የጁላይን ወበቅ የምታውቁት ነው። ውጭ የተተከለው የማቀዝቀዣ ሞተር ሲነሳ፣ ለቅጽበት ከተለመደው ብዙ እጥፍ ኃይል ይጎትታል፤ አምፖሏ ትጠቅሳለች። እዚያው ላይ ከጣሪያው ፍርግርግ ነፋስ ይለቀቃል፤ ነፋሱ ወርዶ ሚዛኑ ሳሕን ላይ ያርፋል፤ ቁጥሩ መራመድ ይጀምራል። ሁለት ተጠርጣሪዎች በአንድ ሰዓት በአንድ ቦታ ተገኙ ማለት ነው። አንዱ አምፖል ጠቅሶ ራሱን አጋለጠ፤ ሌላው ድምፁን አጥፍቶ ገብቶ ሥራውን ሠርቶ ወጣ። እኛ የያዝነው ያየነውን ነው። በነፋስ ላይ ደግሞ ቂም የለንም። ነፋስ የማትሪክ ፈተና በኩራዝ አላስጠናንም። ነፋስ የፋሲካን ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ አላሸተተብንም። ሙሽራዋ ጸጉሯን ግማሹን ተተኩሳ ግማሹ ሲቀራት ጥሏት የሄደው ነፋስ አልነበረም። መብራት ግን ይህን ሁሉ አድርጓል፤ አሁን አላደረግሁም ቢል ማን ያምነዋል?

ሚዛኑ ሲገዛ ግልጽ የፕላስቲክ ክዳን ይዞ መጥቶ ነበር። ክዳኑ ነፋስ መከለያ ነው። አሁን የሚያገለግለው የወርቅ ፍቅፋቂ ለማጠራቀም ነው።

ደግሞ የትኩስ ቀለበት ነገር አለ። ቀለበቱ ተበይዶ፣ ውሃ ነክቶ፣ ገና ለብ እንዳለ ሳሕኑ ላይ ይቀመጣል። ለብ ያለ ብረት በዙሪያው ያለውን አየር ያሞቃል፤ የሞቀው አየር ሽቅብ ሲወጣ ሳሕኑን ይዞ ይነሳል፣ ቀለበቱም ከትክክለኛው ክብደቱ ቀለል ብሎ ይታያል። ባለሙያው ደነገጠ። ዲቫይደሩን ነቀነቀ፣ አዳፕተሯን ነቅሎ ሰካ፣ ለባለቤቱ “ምጣዱን አጥፊልኝ!” ብሎ ጮኸ። ይህ ሁሉ እስኪሆን ቀለበቱ ቀዘቀዘ፤ ክብደቱም ተመለሰ። “አየሽ?” አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወርቅ ሲመዘን እንጀራ አይጋገርም።

በጃንዋሪ ደግሞ አየሩ ደርቆ ምንጣፍ ላይ የሄደ ሰው ሁሉ በር ሲነካ ብልጭታ ይተፋል፤ ላስቲክ ውስጥ እንዳለ የተመዘነ ሚጥሚጣም በዚያው ምክንያት ቁጥሩ አይረጋም። ላይ ቤት ልጁ ከሶፋ ይዘላል፤ የዚህ አገር ቤት ወለሉም ግድግዳውም እንጨት ነውና ዝላዩ ታች ድረስ ወርዶ ይመዘናል። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቁጠባው ነው። እንዲህ ያለ ሚዛን ከተሰካ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ ቢቆይ፣ ውስጡ ተሟሙቆ ቁጥሩ ይረጋለታል። የእኛ ሰው ግን መዝኖ ሲጨርስ “መብራት እንዳይበላ” ብሎ ይነቅለዋል፤ ሲፈልገው ሰክቶ ወዲያው ይመዝናል። ከሌሊት አምፖል ያነሰ የሚበላውን ሚዛን ነቅሎ ሲወጣ፣ 1,500 ዋት ሂተሩ ባዶ ክፍል እያሞቀ ያድራል።

አሌክሳንድሪያ ደግሞ የባሰ አለ። ከዱክ ስትሪት ገባ ካለ አንድ አፓርታማ ውስጥ ቡና እየቆላ የሚሸጥ ሰው፣ ሚዛኑ አልረጋ ሲለው አዲስ አበባ ደውሎ ስታቢላይዘር አስመጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ስታቢላይዘር ያለውን ጥቅም አልክድም፤ ያለ እሱ ፍሪጅ መግዛት ያለ ጎማ መኪና እንደ መግዛት ነው። ችግሩ፣ የመርካቶ ስታቢላይዘር የሚያውቀው 220 ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ 120ውን ወደ 220 የሚያወጣ ትራንስፎርመር ተገዛ። ከስታቢላይዘሩ የወጣውን 220 ወደ 120 የሚመልስ ሌላ ትራንስፎርመር ተገዛ። ከዚያ በኋላ ያች በራሷ ከ100 እስከ 240 የምትችለው አዳፕተር ተሰክታ 9 ቮልት አወጣች። አራት ፎቅ ዕቃ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድሮ፣ ጫፉ ላይ መዳፍ የምታክል ሚዛን! ትራንስፎርመሮቹ ሥራ ፈትተው ሲቆሙ ለራሳቸው የሚበሉት ሚዛኑ ከሚፈልገው ብዙ እጥፍ ነው። በዚያ ላይ እንደ ማንኛውም ትራንስፎርመር ያጉረመርማሉ፤ 60 ኸርዝ ላይ የተሰካ ትራንስፎርመር በሰኮንድ 120 ጊዜ ይንዘፈዘፋል፤ ሚዛኑም የተቀመጠው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስታቢላይዘሩ በየመሃሉ ቀጭ ሲል ቁጥሩ ይደናገጣል። ሰውየውን ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት።

“አሁንስ እንዴት ነው?”

“አሁንማ ለየለት” አለኝ። “የቨርጂኒያ መብራት ምን ያህል የተበላሸ እንደሆነ የገባኝ ስታቢላይዘሩ ሲጮህ ነው። በደህናው ጊዜ አይጮህማ!”

በሁለተኛው ወገን ያሉት ዘመናዊዎቹ ናቸው፤ እነሱ ባትሪ ያዘለውን ዩፒኤስ ይገዛሉ። እርግጥ፣ ጥርጣሬያቸው መሠረት የለውም አይባልም። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 ማታ ዴሬቾ የሚሉት ማዕበል የዋሽንግተንን አካባቢ ሲመታ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞች በጨለማ ተዋጡ፤ አንዳንዱ ሠፈር በዚያ ሙቀት ሳምንት ያህል ቆየ። በሰሜን ቨርጂኒያ 911 ሳይቀር ተቋረጠ፤ የስልኩ ድርጅት መጠባበቂያ ጄኔሬተሮች አልነሳም ብለው ነበር። ከዚያ ጥቂት ወራት አስቀድሞ፣ በ2011 ማብቂያ ላይ፣ የሜሪላንድ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የሲልቨር ስፕሪንግን መብራት የሚያከፋፍለውን ፔፕኮን በአስተማማኝነት ጉድለት 1 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቶታል። የሠፈሩ ውበት የሆኑት ትልልቅ ዛፎች ከራስ በላይ የተዘረጋውን ሽቦ ታቅፈው ስለሚኖሩ፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር አብረው ይወድቃሉ። ይህም ቢሆን መነሻው ነፋስ መሆኑን ልብ ይሏል። ዩፒኤስ ለገዛው ወዳጃችን ግን እንዲህ ያለ ቀን ምን አመጣለት? መብራት ሲሄድ ሚዛኑ ደምቆ ይበራል፤ ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ዩፒኤሱ በየደቂቃው ሲያለቅስ እሱ በስልክ መብራት ወርቁ የወደቀበትን ይፈልጋል። ቤተሰቡ ግን ደስ ብሎታል። ዋይፋዩም እዚያው ላይ ነው የተሰካው።

በመጠርጠር እንኳ እኛን የሚያስንቅ አለ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 2024 በሰሜን ቨርጂኒያ አንድ ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ያለ የመብረቅ መከላከያ ተበላሸና ቮልቴጁ ደጋግሞ ለቅጽበት ወረደ። መብራት አልጠፋም። ወደ 60 የሚጠጉ ዳታ ሴንተሮች ግን “ይህ መብራት አያምረንም” ብለው በአንድ ጊዜ ከመስመሩ ወጡና ወደየመጠባበቂያቸው ገቡ። 1,500 ሜጋ ዋት የሚበላ ሸክም ባንዴ ተነነ። በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው ሕዳሴ ግድባችን ሙሉ አቅሙ 5,150 ነው፤ ቦንድ የገዛችሁ ስንት እጅ እንደሚሆን አስሉት። ተቆጣጣሪዎቹ የተጨነቁት መብራት ስለጠፋ ሳይሆን የሚበላው ጠፍቶ ስለተረፈ ነው። ይህንን ለእትዬ ብነግራቸው አያምኑኝም።

በእርግጥ ሚዛንና መብራት ጨርሶ ዝምድና የላቸውም ብል ውሸታም እሆናለሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በ495 ወጥቶ ወደ 270 የታጠፈ ሰው ብዙም ሳይሄድ ጌይተርስበርግ ይደርሳል። እዚያ የአሜሪካን መለኪያዎች የሚጠብቀው ኒስት የሚባለው ተቋም አለ። ኪሎግራም ማለት ፓሪስ አጠገብ በክዳን የተቀመጠ የብረት ቁራጭ መሆኑ እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 2019 ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የሚታወቀው ፕላንክ በሚባለው የማይለወጥ የተፈጥሮ ቁጥር ነው፤ ጌይተርስበርግ ያሉትም ኪሎውን የሚያገኙት በኪብል ሚዛን ነው። ብራያን ኪብል የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሰበው ነው። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ዕቃውን በማግኔት መካከል በተንጠለጠለ የሽቦ ጥምጥም ተሸክሞ፣ ለመሸከም ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደፈጀ መለካት ነው። ቀድሞ ስሙ የዋት ሚዛን ነበር። እንግዲህ የመጨረሻው የክብደት ዳኛ ራሱ መብራት ሆኗል። የጆርጂያ አቬኑው ወርቅ ሠሪያችን ይህን ቢሰማ ደስ ይለዋል፤ የሚቀጥለው ግን አይጥመውም። ኪብል ሚዛኑ የሚሠራው አየሩ ተመጥጦ ከወጣለት ጎጆ ውስጥ ነው። ማለትም ሊቃውንቱ ከሁሉ አስቀድመው ከክፍሉ ያባረሩት ነፋሱን ነው፤ መብራቱን አስቀርተውታል።

ይኸው ተቋም እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ድረስ ዋሽንግተን ውስጥ ቫን ኔስ ሠፈር ነበር። ሲለቅ ከግቢው ከፊሉ ለኤምባሲዎች ተሰጠ፤ ኢንተርናሽናል ድራይቭ ላይ ያለው ኤምባሲያችን አንዱ ነው። ለቢጫ ካርድና ለውክልና የምንመላለስበት ሠፈር፣ አሜሪካ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ግራሟን ስታስተካክልበት የኖረች ቦታ ነው። ከመሬት የሚጋባ ነገር ቢሆን ኖሮ ስንቶቻችን ሚሊግራም አስተካክለን በተመለስን።

ቁጥር መውደዳችን እንኳ ከማንም አያንስም። ከነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ የምታሳይ ሚዛን በ25 ዶላር ትመጣለች፤ ሦስተኛው አኃዝ በአብዛኛው ለጌጥ ነው። ለመፈተን ኪስ ውስጥ ያለች የአምስት ሳንቲም ኒክል ትበቃለች፤ ከማተሚያ ቤቱ ስትወጣ በደንቡ 5 ግራም ናት፤ አሮጌዋ ትንሽ ታንሳለች። የአሌክሳንድሪያው ቡና ቆይ ፍሬውን 18.0 ግራም እስኪል አንድ አንድ እየለቀመ ያነሳል፣ ያስቀምጣል። ከዚያ ውሃውን በዓይኑ ገምቶ ይደፋበታል። በሚዛን ለሚነግድ ሰው ደግሞ መንግሥት አለ። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም የንግድ ሚዛን የሚመረምረው በግብርና መሥሪያ ቤቱ ሥር ያለ ክፍል ነው፤ ወርቅ ይሁን ሽንኩርት ለእነሱ ያው ነው። ለንግድ የተፈቀደ ሚዛን ምልክት አለው፤ የ25 ዶላሯ የላትም። ተቆጣጣሪ ቢመጣ ቤዝመንቱ ምን እንደሚል አውቃለሁ። እዚያ ላይ መብራት አይከሰስም። “ለራሳችን ነው፤ ልጆቹ ይጫወቱበታል” ይባላል።

አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው አዲስ አበባ ላለ ወርቅ ሠሪ ወንድሙ ደህና ሚዛን ገዝቶ፣ 100 ግራም የሚል የመፈተኛ ብረት ጨምሮ በሰው ላከለት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ ለምድር ወገብም የቀረበች ናት። በሁለቱም ምክንያት ምድር እዚያ የምትስበው ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ከምትስበው ትንሽ ያነሰ ነው። የድሮው ባለ ሁለት ሳሕን ሚዛን ይህ አይነካውም፤ ሁለቱም ወገን እኩል ይቀላሉ። ኤሌክትሮኒኩ ግን የተስተካከለበትን አገር ስበት ይዞ ነው የሚጓዘው። እዚህ 100.00 ያለው ብረት እዚያ 99.73 ገደማ ይላል። መድኃኒቱ ካሊብሬሽን የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ያንኑ ብረት ሳሕኑ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ ብረቱም የተላከው ለዚሁ ነበር። ወንድማማቾቹ ግን በስልክ መከሩበት።

“ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን መቶ የተባለው ብረት ሩብ ግራም ጎደለብኝ።”

“እዚህ ልክ ነበር እኮ! መብራቱ ይሆናል። ኃይል አይቀንስም እንዴ እዚያ ሠፈር?”

“ኧረ መብራቱን አትንካብኝ፤ ሰሞኑን ደህና ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ዕቃው የእናንተን መብራት ለምዶ ነው።”

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድም ነገሩን አሰበው፤ አሳማኝ ሆኖ አገኘው። ባለፈው ወር ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ዘጠኝ ኪሎ ትራንስፎርመር አሸክሞታል፤ ሚዛኑ የለመደውን 120 እንዲያገኝ።